ከክትክታው በታች

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ኤልያስ ሞትን የለመነው ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ነው። የዕብራይስጡ ቃል የሚያመለክተው ሌላ ተክል ነው፤ በሲናና በይሁዳ ምድረ በዳ የሚበቅል፣ ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ጥላው የሳሳ ቁጥቋጦ። ተርጓሚዎቹ ግን ክትክታ አሉ። ክትክታን የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ደኑ ተመንጥሮ አፈሩ በተሸረሸረ ተዳፋት ላይ ቀድሞ የሚበቅል፣ ለማገዶ የሚቆረጥ፣ ከሥሩ ለመቀመጥ ጎንበስ ማለት የሚያስፈልገው ተክል ነው። በዚያ አንድ ቃል ነቢዩ ከዚያ ምድረ በዳ ተነሥቶ ወሎ ወይም ጎጃም ካለ አንድ ጭንጫ ኮረብታ ላይ ተቀመጠ። ሲነቃ ከራስጌው ያገኘው ምግብም እንጎቻ ነው፤ እናት ጋግራ ስትጨርስ ከቀረው ሊጥ ለልጇ የምታወጣት ትንሽ እንጀራ። መልአክ ለነቢይ እንጎቻ አቀረበ ብሎ መጻፍ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አንባቢው ከማንኛውም ማብራሪያ በፊት ይህ ሰው እንደ ሕፃን እየተመገበ እንደሆነ ይገባዋል።

ምዕራፉ (ነገሥት ቀዳማዊ 19፣ በግዕዙ አቆጣጠር ነገሥት ሣልሳዊ) በአማርኛ ስብከት ውስጥ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የሚጠቀስበት መንገድ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰባኪው ከቀርሜሎስ ይጀምራል፤ እሳት ወረደ፣ የበኣል ነቢያት አፈሩ። ከዚያ ኤልዛቤል ዛተች፣ ኤልያስ ፈራ፣ ሸሸ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወደ ኮሬብ ይሻገራል፤ ነፋሱ፣ መናወጡ፣ እሳቱ፣ ዝግተኛው ድምፅ። መደምደሚያው ተግሣጽ ነው፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ፣ ተነሥ፣ ሥራህን ሥራ። የክትክታው ነገር በመካከል እንደ መሸጋገሪያ ይታለፋል። ከታለፈው ውስጥ ግን የሚከተለው አለ። ሰውየው ይበቃኛል አለ፣ ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ አበላው። አልተናገረውም፣ አልገሠጸውም፣ ለምን እንደሸሸም አልጠየቀውም። በላና ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ አሁንም ብላ አለው፤ ምክንያት ብሎ የሰጠውም መንገዱ እንደሚከብደው ብቻ ነው። ጥያቄው የመጣው ከአርባ ቀንና ከአርባ ሌሊት ጉዞ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ቅሬታ በአንድ ሰባኪ ወይም በአንድ መጽሐፍ ላይ አይደለም። በመላው የአማርኛ መንፈሳዊ ምክር ላይ ነው፤ በኦርቶዶክሱም በወንጌላዊውም፣ በመድረኩም በትንንሾቹ የምክር መጻሕፍትም። ይህ ምክር ኮሬብን ያውቃል፤ ክትክታውን ይዘላል። ዝላዩ ለሁሉም አንባቢ እኩል ዋጋ አያስከፍልም። ብዙ የሚከፍል አንባቢ ያለበትን አንድ ቦታ ማየት ነገሩን ያጠራዋል።

በካናዳ ካልጋሪ ከተማ፣ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል፣ ቴምፕል የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በአማርኛ ቤተ መቅደስ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረ፣ ተራ የመኖሪያ ቤቶች ያሉበት ነው። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች በብዛት የሚኖሩበት ነው፤ ከነዚህ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ይገኙባቸዋል። አዲስ መጤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤዝመንት ነው፤ ከመሬት በታች ካለ ክፍል፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ከሆነ፣ በረዶ ሲከመር ደግሞ እሱም ከሚሸፈን።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ካልጋሪ ውስጥ ፀሐይ የምትታየው ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህም አማርኛ ሰዓትን ከንጋት መቁጠር ቻለ። በቴምፕል ያ ቆጠራ ይፈርሳል። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሊያያት አይችልም። ይህ ምሳሌያዊ ጨለማ አይደለም፤ የሰውነትን ሥራ የሚያዛባ እውነተኛ ጨለማ ነው፤ ሐኪሞችም በዚያ አገር ከክረምት ጋር ስለሚመጣ ድባቴ የሚናገሩት በዋዛ አይደለም።

ድባቴ የሚለው ቃል ራሱ በሕዝብ አፍ ገና ብዙ አልቆየም። ድብርት ቀድሞ ነበር፤ ግን ድብርት ዝናባማ እሑድን ወይም ሰው የሌለበትን ቤትም ይገልጻል። ከዚያ በፊት አማርኛ የነበሩት ቃላት ከአካልና ከሁኔታ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሆድ ባሰው፣ ቅስሙ ተሰበረ፣ ቆዘመ፣ ከፋው። እነዚህ ግሦች አንድ መልካም ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም ምክንያት ይጠይቃሉ። ሆድ የሚብሰው በአንድ ነገር ነው፤ ቅስም የሚሰበረው አንድ ነገር ሲሰብረው ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአንድ የታወቀ ችግር ተነሥቶ የሚመጣውን ሐዘን ከሌላው ድባቴ የሚለዩት በዚሁ ነው። ችግሩ በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ይጀምራል፤ ችግሩ ካበቃ በኋላም ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ይላሉ። ልየታው ጠቃሚ ነው። ለስደተኛ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ችግሩ የማያበቃ ከሆነስ?

ኅዳር 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ካልጋሪ ውስጥ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ለወራት የማያውቅ ሰው በየማለዳው በረዶ ጠርጎ ወደ ሥራ ሄደ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ኅዳር 2 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ.፣ በአማራ ክልል ውጊያ ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ተዘጋ፤ ይኸው ዝምታ ወደ ሌላው ጎረቤት ቤት ገባ። በዚህ ላይ የተለመደው አለ፤ ዲግሪው ተቀባይነት አጥቶ ታክሲ የሚነዳው መምህር፣ ጉዳዩ ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ፣ የፈረሰ ትዳር፣ በየወሩ መጨረሻ የሚደወልለት የቤተሰብ ተስፋ። ይህ ሁሉ ሐዘን ምክንያት አለው። የስድስት ወር ገደብ ግን የለውም።

ሞት ቢሆን ኖሮ ባህሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ ይህ ወግ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልሞተም። ሰው ከሥራ ቀርቶ ይመጣል፤ ንፍሮው ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሐዘንተኛዋ ምግብ አታበስልም። ማንም እንዴት ነሽ አይላትም። የሚገባ ሰው እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰዓት ምንም ሳይናገር ይቀመጣል። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዳች አልተናገሩትም። በመጽሐፉ ሁሉ ከሠሩት ውስጥ ያለ ነቀፋ የሚያልፈው ያ ሳምንት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

አስከሬን ለሌለው ሐዘን ግን ድንኳን አይተከልም። ፈቃዱ ለተከለከለ፣ ትዳሩ ለፈረሰ፣ ከተማው ለተከበበ ሰው ሠልስት የለውም፣ አርባ የለውም። እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ነህ ይባላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ምስጋናውም እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ሌላ ዓረፍተ ነገር የማያስከትል መሆኑ ነው። ገፍቶ ቢናገር እንኳ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ «ተስፋ አትቁረጥ»።

አማርኛ ራሱ ምእመኑን የሚከስበት ቦታ ይህ ነው። ተስፋ መቁረጥ ግሥ ነው፤ ቆራጭ አለው። በመንፈሳዊው ትምህርት ተስፋ መቁረጥ ከከባድ ኃጢአቶች ይቆጠራል፤ የይሁዳ መጨረሻ ተደርጎ ይነገራል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን የቆረጠው ነገር የለም፤ የሆነ ነገር ተቆርጦበታል። አንዱ ድርጊት ነው፣ ሌላው የደረሰ ጉዳት። ምክሩ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው፣ ጉዳቱን ተናግሮ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ኃጢአቱን እንደሚናዘዝ ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ ጎን ደግሞ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት ያለው የቆየ ደንብ ይታወቃል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሕይወትን ለማስከበር አስበው ይሆናል፤ ዛሬ በተግባር ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ግን የሞት ሐሳብ የመጣበትን ሰው አፍ መዝጋት ነው።

መጽሐፉስ? በመጽሐፉ ሞትን የለመነው ኤልያስ ብቻ አይደለም። ሙሴ ለመነ፣ ዮናስ ለመነ፤ ኢዮብና ኤርምያስ የተወለዱበትን ቀን ረገሙ። አንዳቸውም ስለ ልመናው ከነቢይነት አልተሻሩም። ዮናስ በጥያቄ ተመለሰለት። የሙሴ ደግሞ ለስደተኛ በጣም የቀረበ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ሙሴ ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም፣ ይህ ከሚሆንስ ግደለኝ ሲል የተሰጠው መልስ በርታ የሚል አልነበረም። ሰባ ሽማግሌዎች ተመርጠው ሸክሙን እንዲካፈሉ ተደረገ። አሥር ሰው በአንድ ደመወዝ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ በመድረክ ሲሰበክ ሰምቶ ይሆን? ስለ ድርጭቱና ስለ ማጉረምረሙ ይሰበካል። ስለ ሸክሙ ክፍፍል የሚሰበከው አልፎ አልፎ ነው፤ ያኔም ለአስተዳደር ትምህርት ነው።

የሐዘን ቦታ መጥበብ አዲስ ነገር እንደሆነ የሚያሳየው ከሁሉ በላይ ዳዊቱ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ይጨርሳል፤ ከ81 እስከ 110 ያለው የሐሙስ ነው። በዚያ ውስጥ መዝሙር 87 አለ፤ በዕብራይስጡና በብዙ የዘመኑ እትሞች አቆጣጠር 88። ይህ መዝሙር ከሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች ይለያል። ሌሎቹ እያለቀሱ ይጀምሩና ከመካከል ላይ ይታጠፋሉ፤ ምስጋና ወይም መታመን መጨረሻቸው ላይ ይገኛል። 87 አይታጠፍም። ጸሎተኛው ከሙታን ጋር እንደተቆጠረ ይናገራል፣ ለእግዚአብሔር ያንተ ሥራ ነው ይለዋል፣ ወዳጆቹ እንደራቁት ይናገራል፤ ያበቃልም። የዕብራይስጡ የመጨረሻ ቃል ጨለማ ነው። ከጥንት ጀምሮ ይህን መዝሙር ሊያስተካክለው የሚፈልግ ሰው አልጠፋም፤ በትርጓሜ ወደ ክርስቶስ መቃብር ተወስዶ ትንሣኤ በኋላው ይቀጠልለታል። ትርጓሜው የራሱ ክብር አለው። ሥርዓቱ ያደረገው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ መዝሙሩን ያለ ምንም ቅጥያ በየሐሙሱ በሰው ሁሉ አፍ ላይ አኖረው። የተደሰተውም ያነበዋል፣ ያዘነውም። የተደሰተው ሰው የማይሰማውን ጨለማ ለሌላ ሰው ብሎ ይደግመዋል፤ ያዘነው ደግሞ የራሱን ቃል መፈለግ አያስፈልገውም። ከየትኛው የምክር መጽሐፍ ይህን ያህል ይገኛል?

በስደተኛ ዘንድ የሚወደደው መዝሙር ሌላ ነው፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተለቀሰበት፣ በግዕዙ 136ኛው። ይህም በተለመደው አጠቃቀም ግማሹ ብቻ ነው የሚነበበው። በገናው በዛፍ ላይ የተሰቀለበት ክፍል ይጠቀሳል፤ የበቀል ምኞት ያለበት ማለቂያው ይቀራል። መቅረቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ አስፈሪ ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በውጭ ያለውን የአበሻ ማኅበረሰብ ያየ ሰው ሐዘን ሲቆይ ምን እንደሚሆን አይቷል፤ አብረው ሲዘምሩ የነበሩ ሰዎች በየበኩላቸው ለቅሶ ሳይደራረሱ ቀሩ። መዝሙሩ ያን ቁጣ ለእግዚአብሔር ተናግሮ እዚያ ጥሎት ይሄዳል። የታፈነው ግን ድባቴ ሆኖ ወደ ውስጥ፣ ወይም ጥላቻ ሆኖ ወደ ጎረቤት ይወጣል።

ከዳዊቱ ቀጥሎ ዘመነ ጽጌ አለ። ከመስከረም 26 ጀምሮ ለአርባ ቀናት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች፤ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይቆማል። ሰቆቃወ ድንግል የልቅሶ ድርሰት ነው። ውኃ ጥማቱ አለ፣ ረኃቡ አለ፣ የመንገዱ ርዝመት አለ፣ ማደሪያ ማጣት አለ፣ ሕፃን ታቅፎ መሸሽ አለ። ደራሲው እናቲቱን ከልቅሶዋ በፍጥነት ለማውጣት አይቸኩልም፤ ከእርሷ ጋር ማልቀስን እንደ አንድ የአምልኮ ሥራ ያየዋል። በኢትዮጵያ ይህ ጊዜ ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ የተሸፈነበት ነው፤ ልቅሶው ከአበባው ጋር ስለሚገጥም ጣዕሙ የተለየ ይሆናል። በካልጋሪ ግን እነዚያ አርባ ቀናት ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሚውሉ ናቸው፤ ቅጠል የሚረግፍበት፣ በረዶ የሚጥልበት፣ ቀኑ በየዕለቱ የሚያጥርበት ወቅት። አበባው ቀርቶ ስደቱ ብቻውን ይቆማል። ለቴምፕል አንባቢ ከዚህ የሚስማማ ወቅትና ድርሰት ማንም አስቦ ሊያዘጋጅለት አይችልም ነበር። ይሁንና ሰቆቃወ ድንግል በግዕዝ ነው፤ ብዙው ሰው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይሰማም። እዚያ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ዜማውንም አያውቁትም። በአማርኛ የሚጽፉ የምክር ጸሐፊዎች ከሌላ አገር የተተረጎመ የመጽናናት ቀመር ከሚያመጡ ይህን ድርሰት ከፍተው ቢያብራሩት ይሻል ነበር።

ከመነኮሳቱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም አለ። ይስሐቅ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፣ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፤ ጽሑፉ በኢትዮጵያ ገዳማት ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር የሚነበብ ነው። በነፍስ ላይ ጨለማ ስለሚወድቅበት ሰዓት ሲናገር የሚሰጠው ምክር ለዘመኑ ጆሮ እንግዳ ነው። መጸለይ ብትችል ጸልይ ይላል በሐሳቡ፤ ካልቻልህ ግን ልብስህን ተከናንበህ ተኛ፤ ሰዓቱ እስኪያልፍ፤ ብቻ ከበዓትህ አትውጣ። ጸሎት ላቃተው መነኩሴ እንቅልፍ ታዘዘለት፤ ያውም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ መታገሥ። ይህ የኤልያስ እንቅልፍ ነው። ነገር ግን ምክሩ የተጻፈው በዙሪያው ወንድሞች ላሉት፣ አባት ላለው መነኩሴ ነው። ቤዝመንት በዓት አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ተከናንቦ የተኛን ሰው የሚያንኳኳ ከሌለ የማር ይስሐቅ ቃል ሊጎዳው ይችላል። በክትክታው ሥርም መልአኩ ሁለት ጊዜ እየመጣ ቀሰቀሰ።

ወንጌላውያኑ ይህን ዓይነት ውርስ የላቸውም ይባል ይሆናል፤ ትክክል አይደለም። በደርግ ዘመን ለሰባት ዓመታት የታሰረው ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ያንን ትውልድ የያዙት ችግር የለም ስላሉ አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት፣ ሰው በየቤቱ ተደብቆ በሚጸልይበት ጊዜ የተዘመረው መዝሙር ሐዘኑን በስሙ ይጠራ ነበር። መድረኩ ሰፍቶ፣ ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሎ፣ መዝሙሩ ከድል ወደ ድል ሲሆን የጠፋው ነገር ይኼ ነው። የዛሬው መዝሙር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌላው ከሚጨርስበት ነው። የተሰበረው ሰው እጁን ያነሣል፤ ከፍ ያለው እጁ ብቻ ነው።

በተቃራኒው በኩል የሚቆም ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሐዘንን ብዙ ማስታመም ሐዘኑን ያሰነብተዋል፣ ሰው የሚነሣው በተስፋ ቃል ነው፣ እናቶቻችን ተመስገን እያሉ ነው ረኃቡንም ጦርነቱንም ያለፉት ይላል። እውነት አለው። ተመስገን የምትል እናት ግን ተመስገን ያለችው ካለቀሰች በኋላ ነው፤ ሙሾ አውርዳ፣ ደረት መትታ፣ ጎረቤት አቅፏት። የተወረሰው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ክሊኒኩ ሁሉን ይፈታል የሚለውም ወገን መልስ አለበት። የጠፋች እናትን ድምፅ ክኒን አይመልሰውም፤ ምክንያት ያለውን ሐዘን እንደ ደም ግፊት ብቻ ማየት ሰውየው የሚያለቅስለትን ነገር መካድ ይሆናል።

ደግነቱ እምነትና ሕክምና መጣላት እንደሌለባቸው በአገር ቤት የታየ ነገር አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ፤ ያኔ መድኃኒቱን ጥሎ ጠበል ብቻ የያዘ ሰው ብዙ ነበር። በእንጦጦ ማርያም የጠበል ቦታም የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበል አባቶች ተባብረው ሕሙማንን ያዩበት ሥራ ተጠንቶ ታትሟል። የአእምሮ ሐኪምና ልብ ወለድ ጸሐፊ የሆነው ዶክተር ምሕረት ደበበ ስለ አእምሮ ጤና በአማርኛ በአደባባይ መነጋገርን ካስለመዱት አንዱ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ አፍ «አማኑኤል ይግባ» እስከ ዛሬ ስድብ ነው። የሆስፒታሉ ስም ትርጉሙ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት መሆኑን ልብ የሚለው ተሳዳቢ የለም።

ካናዳ ውስጥ ከኅዳር 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞት ሐሳብ የመጣበት ሰው፣ ወይም ስለ ሌላ ሰው የሰጋ፣ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ ወይም መልእክት ጽፎ ሰው ማግኘት ይችላል። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ሊታወቅ የሚገባው ቁጥር ነው፤ ሕይወት ያተርፋል። ሆድ ባሰኝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ ለዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ያስፈልጋል። እድሩ ለሞት የሚሰበስበው ገንዘብና ሰው አለው፤ የስልክ ዝርዝሩም በእጁ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የሚነቃቃ ይህ ሁሉ ድርጅት በሕይወት ያለን ሐዘንተኛ ቤት ለማንኳኳት ደንቡን ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም፤ ንፍሮው ቀርቶ እንጎቻ ይሁን።

ወደ ምዕራፉ ለመመለስ፣ ከኮሬብ ትዕይንት ውስጥ ሰባኪዎች የማያነሡት አንድ ሌላ ነገር አለ። ኤልያስ ከነፋሱ በፊት ለተጠየቀው ጥያቄ የሰጠው መልስና ከዝግተኛው ድምፅ በኋላ የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ቃል በቃል። እኔ ብቻዬን ቀረሁ የሚለው ቅሬታው በተአምሩ አልተለወጠም። ተራኪው ይህን ለማረም አንድ ቃል አልጨመረም፤ ሊጽናና ያልቻለውን ሰው እንዳልተጽናና አድርጎ ተወው። የተነገረውም መልስ ስሜቱን የሚመለከት አይደለም። ሦስት የሚቀቡ ሰዎች ስም ተሰጠው፤ ለበኣል ጉልበታቸውን ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉም ተነገረው። ከሦስቱ ቀድሞ ያገኘው በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ከሚያርሱት ጋር የነበረውን ኤልሳዕን ነው። መጎናጸፊያውን ጣለበት፤ ያው በኮሬብ ፊቱን የሸፈነበትን መጎናጸፊያ። ኤልያስ ዳነ፣ ደስ አለው የሚል የለም። ቀጥሎ የተጻፈው ድግስ ነው፤ ኤልሳዕ በሬዎቹን አርዶ፣ በዕርፉና በቀንበሩ እንጨት ሥጋውን ቀቅሎ፣ ለሰዎቹ ሰጣቸውና በሉ።